ፊቴን ያዞርኩባት ፈረስ

ሐርጌሳ ውስጥ በሰፈራችን የቼዝ ውድድር ሐሰን አሸነፈኝ። የት እንደተሳሳትኩ ለማየት በማግስቱ ጨዋታውን ስልኬ ላይ ደገምኩት። ስልኩ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? በፈረሴ አንድ ጊዜ ብዘል ንጉሡ አልቆለት ነበር! ያውም መቼ? ተራው የኔ ሆኖ አዛን ሲል ሰዓቱን አቁመን ሐሰን ሊሰግድ የሄደ ጊዜ። ሰውዬው ፈጣሪው ፊት ቆሞ እኔ ሰሌዳው ላይ ማፍጠጥ ነውር መስሎኝ፣ እስኪመለስ ግድግዳ ሳይ ነበር የቆየሁት።

በግኜ 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ያለው ሱቁ ድረስ ሄድኩ። ሐሰን ድሬዳዋ ነው ያደገው፤ አማርኛው ከኔ ይፈጥናል። «ስማ፣ የተሸነፍኩት ሶላትህን አክብሬ ነው! ፊቴን ባላዞር ኖሮ ያቺን ፈረስ አያት ነበር» አልኩት።

ሳቁ አላናግር አለው። «አቦ፣ ፊትህን አዞርክ? ወላሂ፣ እኔ እኮ ፈረሷን አይቼ ነው በድንጋጤ የሄድኩት። ሰግጄ ስጨርስ እጄን ዘርግቼ ምን ብዬ ዱዓ እንዳደረግኩ ታውቃለህ? ‹ያ አላህ፣ ይሄ ሰውዬ እንዳያያት!›»

እኔ እኮ የምጫወተው ከሐሰን ጋር ብቻ መስሎኝ!