የአራተኛው ጥቅል እርማት

ኪዳነማርያም ወደዚህ ቢሮ የመጣው የማመልከቻ ጊዜ ካለፈ በኋላ ነው። ሰኞ፣ መስከረም 2 ቀን 1987። የዚያን ጊዜው ዋና አዘጋጅ ቀና ብለው አዩትና፣ «ልጄ፣ አራሚ የምንመዘግብበት ቀን አልፏል» አሉት።

«አላለፈም» አለ። ከኪሱ የኛኑ ጋዜጣ አወጣ። «ማስታወቂያችሁ እስከ ጳጉሜን 7 ይላል። ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረች። የቀሩትን ሁለት ቀናት ስቆጥር ዛሬ ላይ ይወድቃሉ።»

አዘጋጁ ጋዜጣውን ተቀብለው አነበቡ፤ ደግመው አነበቡ። ከዚያ፣ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» ብለው ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ነበርኩ። ኪዳነማርያም እዚያው ተቀጠረ። እኔ ያልተባረርኩት፣ የሚተካኝን ሰው ለመፈለግ ሌላ ማስታወቂያ መጻፍ ስለሚያስፈልግ ይመስለኛል።

የጡረታ መሸኛ ንግግሬን ከመቀጠሌ በፊት ለእንግዶቻችን ራሴን ላስተዋውቅ። እምሩ እባላለሁ፤ ዛሬ የዚህ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ነኝ። ኪዳነማርያም ደግሞ ያ መሐል ላይ የተቀመጠው፣ የንግግሬን ቅጂ አስቀድሞ ጠይቆ የተከለከለው ሰው ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቢሮ የወጣ ገጽ ሁሉ በእሱ ቀይ እስክሪብቶ ሥር አልፏል። የኛ ያልሆነውም አልፏል። ከታች ያለው ኬክ ቤት የዋጋ ዝርዝሩን የሚያሳትመው ለእሱ ካሳየ በኋላ ነው። ባልደረባችን ሜላት እዚህ ናት፤ ትመሰክራለች። የሠርግ ጥሪ ካርዷን በክብር ሰጠችው፤ በማግስቱ ታርሞ ተመለሰላት።

«ጋሼ፣ ጥሪ እኮ ነው የሰጠሁዎት!»

«አመሰግናለሁ፤ እመጣለሁ። ግን የምመጣው እሑድ ነው ወይስ ጥር 17? ሁለቱ አንድ ቀን አይደሉም።»

ካርዱ አራት መቶ ታትሞ ነበር። ሜላት ያገባችው እሑድ ነው። ጥር 17 ቀን አዳራሹ በር ላይ ሙሉ ልብስ ለብሰው የቆሙት ሁለቱ የባሏ አጎቶች፣ ካርዱ ሳይታረም የደረሳቸው ናቸው።

መታወቂያውንም ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የኪዳነማርያም መታወቂያ በየሁለት ዓመቱ ይታደሳል፤ ጉርድ ፎቶውም አብሮ ይታደሳል፤ በፎቶው ላይ ግን ሁልጊዜ ዓይኑ ተጨፍኗል። በአንዱ ብቻ አይደለም፤ በሁሉም። አንድ ቀን ወደ ሥላሴ መውጫ ባለ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃው መታወቂያውን አየ፤ እሱን አየ፤ መልሶ መታወቂያውን አየ።

«ይቅርታ አባት፣ አንዴ ዓይንዎን ይጨፍኑልኝ።»

ጨፈነ።

«እርስዎ ነዎት። ይግቡ።»

ፎቶ ቤት ቀይር ስንለው፣ «ቅርብ ነው፤ ሰውየውም ጨዋ ነው» ይለን ነበር። ሰውየውን በኋላ አመጣዋለሁ። መጀመሪያ ፊልሙን ልጨርስ።

ኪዳነማርያም በተቀጠረ በአምስተኛው ሳምንት የፊልም ጸሐፊያችን ታመመ። ፒያሳ ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት አዲስ ያገር ውስጥ የጦርነት ፊልም ሊታይ ነበር። ያን ቀን ሥራ የፈታው እሱ ብቻ ስለሆነ እሱ ተላከ። ፊልሙ «የሰኞ ራሽን» ይባላል። አታውቁትም፤ አይፈረድባችሁም። የጦርነት ፊልም ይባል እንጂ ስለ አንድ የወታደር ወጥ ቤት ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ አንድ ጥይት ብቻ ይተኮሳል።

ኪዳነማርያም ያየውን ጻፈ። ቃል በቃል አነባለሁ፦ «ምግብ አብሳዩ አባይነህ ድስት ተሸክሞ ወደ ምሽግ ሲሄድ ተመትቶ ሞተ። ጥቂት ቆይቶ፣ ቁጭ ብሎ ድንች ሲልጥ አየነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኛም ሳቅን።»

ፒያሳ ጽሑፉን ወደደው። በየካፌው ጮክ ተብሎ ተነበበ። ሰው የሞተውን ሰው ሲነሳ ለማየት ቲኬት ገዛ። ችግሩ፣ ከሁለተኛው ማሳያ ጀምሮ የሞተው አልተነሳም። ተመልካቹ ተቆጣ። «ኧረ መቼ ነው የሚነሳው?» ብሎ ከኋላ የጮኸም ነበር። ፊልሙ በስምንተኛው ቀን ወረደ። ኪዳነማርያም በጽሑፉ ተመሰገነ። ካመሰገኑት አንዱ እኔ ነኝ።

ከዚያ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ከራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ አንድ ሙዚቃ ቤት ሊዘጋ ሲል፣ የቀሩትን ዲስኮች በካርቶን አድርጎ በሩ ላይ አስቀመጠ። ኪዳነማርያም ጎንበስ ብሎ አየ። «የሰኞ ራሽን»፣ ቪሲዲ፣ ሁለት ዲስክ። በ2000 ዓ.ም. ቤት ውስጥ ለሚያይ ሰው ተብሎ ታትሞ ነበር፤ ያኔም ማንም አልሰማም። ሽፋኑ ላይ ሄሊኮፕተር አለ። ፊልሙ ውስጥ ሄሊኮፕተር የለም። ሽጉጥ የያዘች ቆንጆ ልጅ አለች። እሷም የለችም። ከታች በትልቅ ፊደል «አዳራሹ በሳቅ ተናጋ» ይላል፤ ከሥሩ የጋዜጣችን ስም።

ኪዳነማርያም ባለሱቁን፣ «ይህን የገዛ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀው።

«አንድ ሰው ገዝቶት ነበር፤ መለሰው። አያስቅም አለ።»

ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ቁጭ ብሎ አየው። አባይነህ ለመቶ ሃያ ወታደር ድንች እየላጠ ነው። መልእክተኛ ይመጣና፣ ከመቶ ሃያው የቀሩት አርባ ናቸው ይለዋል። አባይነህ «እሺ» ይላል። መላጡን አያቆምም። ለመቶ ሃያ ይልጣል። አራት ደቂቃ ማንም አይናገርም። ከዚያ ድስቱን ተሸክሞ ይወጣል፤ መንገድ ላይ ተመትቶ ይሞታል። ነገሩ የሆነው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

ሰኞ ማለዳ ወደ ባለሱቁ ተመለሰ። «ከሽፋኑ ጀርባ አዘጋጅ ዑዘይር ይላል። የት አገኛቸዋለሁ?»

ባለሱቁ ሳቀ። «ፎቶ ቤቱ ዑዘይር ነዋ! እዚሁ ከላይ ያለው!»

ጉርድ ፎቶውን የሚነሳበት ያው ፎቶ ቤት ነው። ኪዳነማርያም ገብቶ፣ «ጋሽ ዑዘይር፣ እኔ ማን እንደሆንኩ ያውቃሉ?» አላቸው።

«ከፎቶህ ጀርባ ስምህን የምጽፈው እኔ አይደለሁ?»

ከዚያ ነገሩት። በመጀመሪያው ማሳያ አምስተኛው የፊልም ጥቅል ከአራተኛው ቀድሞ ገባ። ሞቱ ያለው በአምስተኛው፣ ድንቹ ያለው በአራተኛው ነው። ጋሽ ዑዘይር ሳቁን ሲሰሙ ወደ ማሳያው ክፍል ሮጡ። በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ደበደቡት፤ ማሽኑ ይጮኻል፤ የሰማ የለም። እስኪከፈትላቸው ሰው ስቆ ጨርሷል። ከዚያ ወዲህ ሌላ ፊልም አልሠሩም፤ ጉርድ ፎቶ ያነሳሉ።

ኪዳነማርያም ስለ ተጨፈኑት ዓይኖቹም ጠየቃቸው። «መብራቱ ነው» አሉት። እዚያ ፎቶ ቤት ዓይኑን ጨፍኖ የተነሳ ሌላ ሰው አለ ወይ ብዬ ሰፈሩን ጠይቄ ነበር። አላገኘሁም።

የዚያኑ ሰኞ እኔ ጠረጴዛ ጋ መጥቶ ቆመ።

«ተሳስቻለሁ። እርማት ይውጣልኝ።»

«ስንተኛ ገጽ ላይ?»

«በ1987፣ ‹የሰኞ ራሽን› ላይ።» ጋሽ ዑዘይር የነገሩትን ሁሉ ነገረኝ።

«ስህተቱ እኮ የሲኒማ ቤቱ ነው፤ ያንተ አይደለም።»

«ከጽሑፉ ሥር ያለው ስም የኔ ነው።»

«ማን ያስታውሰዋል?»

«የዲስኩ ሽፋን ላይ አለ።»

«ኪዳነማርያም፣ እርማት የሚወጣው በሚቀጥለው ዕትም ነው። ደንባችን ነው።»

«እንግዲያው ዘግይቷል። አንጨምርበት።»

አላወጣሁም። ሁለት ዓመት ሙሉ ሰኞ ሰኞ እርማቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ መለስኩለት። ያረጀ ስህተት ካረምን ሌላው ያረጀ ሁሉ ተሰልፎ ይመጣል ብዬ ፈርቼ ነበር። የራሴ ስህተቶች ሰልፉ ላይ ከፊት እንደሚቆሙ አውቃለሁ።

ባለፈው ወር ከሰው ሀብት ፊርደውስ አንድ ቅጽ ይዛ መጣች። «ጋሽ እምሩ፣ የጋሼ ክሊራንስ አልዘጋ አለኝ።»

«ምን ጎደለ?»

«‹ያልተጠናቀቀ ሥራ ካለ ይገለጽ› የሚለው ላይ ሰው ሁሉ ‹የለም› ብሎ ነው የሚሞላው። እሳቸው ‹አንድ እርማት› ብለው ሞሉ። በዚህ አያያዝ ጡረታ መውጣት አይችሉም።»

ዲስኩን ተዋስኩ። ቪሲዲ የሚያጫውት ማሽን ፍለጋ አራት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ አየሁት። አራቱን ደቂቃ ደግሜ አየሁት።

ኪዳነማርያም፣ አሁን የምናገረው ላንተ ነው። አንድ ማክሰኞ ወረቀቱን ስመልስልህ፣ ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ ብዬህ ነበር። እንዲህ አልከኝ፦ «እኔ አራሚ ነኝ። አንድ አንቀጽ ካጠገቡ ካለው ጋር አልያያዝ ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ ቦታው ተለዋውጦ ይሆን ወይ ብዬ ነው። ያን ቀን አልጠየቅኩም። ሰው ይስቅ ነበር፤ ሳቁ ደስ አለኝ።» በሙያችን ላይ ብዙ ሥልጠና ወስጃለሁ፤ አበልም ተቀብያለሁ። ከዚህ የሚበልጥ ነገር የነገረኝ አሠልጣኝ የለም።

እኛ ያተምነውን ሰው አንብቦታል። አንተ እንዳናትም ያደረግከውን ግን ያነበበ የለም። ስሙ ሊጠፋ የነበረ ነጋዴ፣ በሕይወት እያለ ሞተ ሊባል የነበረ መምህር፣ የልጇ ስም ተሳስቶ ሊወጣ የነበረ እናት፤ አንዳቸውም አያውቁህም። እኔ አውቃለሁ። አመሰግንሃለሁ። ስላዘገየሁህም ይቅርታ አድርግልኝ።

ቅዳሜ የሚወጣው ይኸውና፦ «እርማት። በጥቅምት 1987 ባወጣነው ጽሑፍ፣ ‹የሰኞ ራሽን› የተባለው ፊልም ባለታሪክ ከሞተ በኋላ ድንች ሲልጥ ታየ ብለን ነበር። ድንቹን የላጠው ከመሞቱ በፊት ነው። ሁለት የፊልም ጥቅሎች ተለዋውጠው ታይተዋል፤ ጸሐፊው መጠየቅ ሲገባው አልጠየቀም። ዋና አዘጋጁ እርማቱን ሁለት ዓመት አዘግይቷል። አቶ ዑዘይርን ይቅርታ እንጠይቃለን።»

ስለ ዋና አዘጋጁ የሚናገረውን ዓረፍተ ነገር የጨመርኩት እኔ ነኝ። ኪዳነማርያም አይቶት ምንም አላረመም።

ጋሽ ዑዘይር ከባለቤታቸው ከወይዘሮ ዙህራ ጋር እዚያ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። እርማቱን አስቀድሜ ሳሳያቸው፣ «ፊልሙ ጥሩ ነው የሚል ነገር እንዳትጨምሩበት» አሉኝ።

«ለምን?»

«እርማት ውስጥ ከገባ ማባበያ ይመስላል። ጥሩ ከሆነ ለብቻው ይጻፍ። ካልሆነም ለብቻው ይጻፍ።»

ልክ ናቸው። ስለዚህ ገጽ ሰባትን ሙሉውን አስለቅቄዋለሁ፤ ሁለት ማስታወቂያ አንስቼ። የሚጽፈው ኪዳነማርያም ነው፤ የፈለገውን።

ቢራም ለስላሳም የያዛችሁ፣ ብርጭቋችሁን አንሱ። ለኪዳነማርያም ጤና፣ ለዕድሜው ርዝመት፣ ለቤቱ ሰላም! ጋሽ ዑዘይር፣ ወይዘሮ ዙህራ፣ ለእናንተም!

ኪዳነማርያም፣ ጡረታህ የሚጀምረው ሰኞ ነው። ዛሬ ሐሙስ ነው። ገጽ ሰባት እስካሁን ባዶ ነው፤ እስከ ነገ ጠዋት አራት ሰዓት ይጠብቅሃል።