ከባዱ ፓወር ሳፕላይ

ከማርቆስ ወደ አማኑኤል በምትሄድ ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንድ ቄስና አንድ ኮምፒውተር ጥገና የሚሠራ ወጣት ተቀምጠዋል። ቄሱ የተቃጠለ የኮምፒውተር ፓወር ሳፕላይ ታቅፈዋል።

«የቤተ ክርስቲያን ኮምፒውተር ነው፣ አባቴ?» አለ ወጣቱ።

«የሰበካ ጽሕፈት ቤቱ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ጧ አለ። ዲስኩንም ይዞት ሄደ፤ ሦስት ዓመት የተየብነው የክርስትና መዝገብ እዚያ ላይ ነበር።»

«ሲገዙት በምን መረጡት?»

«በእጄ መዝኜ ነዋ። ቀላሉ ቶሎ ይቃጠላል፣ ከባዱን ውሰዱ ትሉ የለም?»

«እንላለን። እስቲ ይስጡኝ።»

ወጣቱ ከቦርሳው መፍቻ አውጥቶ ብሎኖቹን ፈታ።

«ይኸው፣ የከበደዎት ይሄ ነው። በሙጫ የተለጠፈ ቁራጭ ብረት።»

«ብረቱ ምን ይሠራል?»

«ምንም። እንዲከብድ ብቻ ነው።»

ቄሱ ብረቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ሁለተኛ ከሚያውቁት ሰው ይግዙ፣ አባቴ።»

«የሸጠልኝ የንስሐ ልጄ ነው።»

«እሱም ተታሎ ይሆናል።»

«ይሆናል። ‹አባቴ፣ እስቲ በእጅዎ ይመዝኑት› ያለኝ ግን እሱ ነው።»

«ታዲያ አይጠይቁትም?»

«ጾሙ ሲገባ ለንስሐ ይመጣል። ያን ጊዜ ራሱ ይነግረኛል።»

«ካልነገረዎትስ?»

«አላወቀም ነበር እላለኋ። ምን ላድርግ ልጄ፣ ደክሞኛል።»

እኔም ጠዋት ማርቆስ ገዝቼ ጉልበቴ ላይ ያስቀመጥኩትን ስታብላይዘር በሁለት እጄ ትንሽ ከፍ አደረግኩና መልሼ አስቀመጥኩት።