ከበደ ያለችው እኔን ነው

ከሱዳን ድንበር አጠገብ ካለችው ኮኪት ወደ ጎንደር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ በሰሊጥ አጨዳ የኖሩ አንድ የወሎ ሽማግሌ ከኋላዬ ሆነው አጠገባቸው የተቀመጠችውን ወጣት ያዋራሉ።

"ልጄ፣ ሶሻል ወርክ የሚሉት ትምህርት ምንድን ነው?"

"ችግር የገጠመውን ሰው የሚያግዝ ሙያ ነው፣ አባባ። ምነው?"

"አንዲት ተማሪ እርሻው ድረስ መጥታ ታሪኬን ጠይቃኝ ነበር። ዘንድሮ በዚያው ትምህርት ዶክተር ሆነች። የጻፈችውንም የጥናት መጽሐፍ ላከችልኝ።"

"እንኳን ደስ አለዎት! እርስዎም አሉበት?"

"የሰፈራችን አስተማሪ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰ ሲያነብልኝ የነገርኳት ሁሉ አለ። ወንድሜ ሱዳን ተሻግሮ መጥፋቱም አለ። እኔን ግን ከበደ ትለኛለች። ከበደ ማነው?"

"እርስዎ ነዎት። በጥናት ላይ የሰው ስም ይቀየራል፤ እንዳይጎዱ ብላ ነው።"

"ማን ይጎዳኛል?"

"ማንም… ግን ደንቡ ነው። አላስረዳችዎትም?"

"ወረቀት አንብባልኝ በጣቴ ፈርሜያለሁ። ያን ቀን ልቤ ወንድሜ ዘንድ ነበር፣ አልሰማኋትም።"

"አዘኑባት?"

"ኧረ! ስነግራት አብራኝ ያለቀሰች ልጅ ናት። ግራ ገብቶኝ ነው እንጂ። መጽሐፉ ብዙ አገር ይደርሳል ስትለኝ ነው ሁሉን የነገርኳት።"

"ለምን?"

"ወንድሜ የተማረ ነው። ካነበበው ይመጣል ብዬ። አሁን ከበደን አንብቦ እኔን እንዴት ያውቀኛል?"

ልጅቱ፣ "ስምዎ ማነው፣ አባባ?" አለቻቸው።

"አሊ ይመር። ወንድሜ ሰይድ ይመር ነው።"

እኔም ወደ ኋላ ሳልዞር ሁለቱንም ስሞች ስልኬ ላይ ጻፍኳቸው።