ፎቶ የማያመጣው ብራውዘር
ስልኬ ላይ ኢንተርኔት የምከፍትባቸው ሁለት ብራውዘሮች ነበሩኝ። አንዱ መልኩ ያምራል፣ ገጹን ከነፎቶው ያሳያል፤ ግን እኛ ከተማ መካነ ሰላም ላይ ኔትወርክ ሲደክም ነጭ ሆኖ ይቀራል። ሌላው ፎቶውን ትቶ ጽሑፉን ብቻ ያመጣል፤ አስቀያሚ ነው ብዬ ትቼው ነበር። አንድ ቅዳሜ የጓደኛዬ የሐያት እናት፣ እትዬ ሰዓዳ፣ ከከላላ መጡ። ሐያት ሪያድ ናት፤ ስልኳ ከተዘጋ ወዲህ እናትየው እንቅልፍ አጥተዋል። «በዚያ ፌስቡክ በምትሉት እስቲ ፈልጊያት» አሉኝ። በሚያምረው ሞከርኩ። ክቡ ምልክት ይዞራል፣ ይዞራል። እሳቸው ስልኩን ትተው ፊቴን ያያሉ።

ቢጨንቀኝ ያንን የናቅኩትን ከፈትኩ። ወዲያው «መልእክት» የሚለው ከላይ በግልጽ ተጽፎ መጣ። ስነካው የሐያት ቃል ወጣ፤ «እማዬን እንዳታስቢ በያት። አሰሪዬ ስልኬን ቀምታኝ ነው። አሁን ሌላ ቤት ገብቻለሁ፣ ደህና ነኝ።» ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«አልሐምዱሊላህ!» ብለው እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። «ፎቶዋስ?»

«ይኸኛው ፎቶ አያመጣም፣ እትዬ።»

«ተይው እሱን። ቃሏን ድገሚልኝ።»

ደገምኩላቸው። እንደገና ስጀምርላቸው እሳቸው እየሳቁ ነበር።