ማር በተቀባ ጡት ስለተወሰደው የገራዶ ሕፃን

የቃል ሰጪ ስም፦ ወይዘሮ አትጠገብ ሞላ
ዕድሜ፦ አርባ አንድ
አድራሻ፦ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ቃሉ የተሰጠበት፦ ደሴ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 1931 ዓ.ም.

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው፣ ሕፃን ሰርቀሻል ተብዬ ስለተጠየቅሁ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አስረዳለሁ።

ወንድሜ ፈንታሁን ባለፈው ኅዳር ጣሊያን በሚያሠራው መንገድ ላይ ናዳ ተጭኖት ሞተ። ሚስቱ አባይነሽ በገራዶ አራት ልጆች ይዛ፣ አምስተኛውን አርግዛ ቀረች። ማሳደግ ስለማትችል የሚወለደውን በጉዲፈቻ ለመስጠት ቆረጠች። እኔ ልጅ የለኝም። የወንድሜ ደም ከእኔ ቤት በቀር ወደ ሌላ ይሄዳል ብዬ አልጠረጠርኩም። እሷ ግን ኮምቦልቻ የሚኖሩትን እንየውንና ሚስቱን አረጋሽንም በልቧ ይዛ ኖሯል። እነሱ ሁለት ልጅ የቀበሩ፣ በሣር ቤት የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። የእኔ ቤት ቆርቆሮ ነው።

በጥር ወር አባይነሽ ሳትልክብኝ ድንገት መጣች። ቅቤ የጠገበ ገንፎ አበላኋት፤ አልጋዬን ለቀቅሁላት። በማግስቱ ዕቃ ላጥብ ብላ ስታነሣ ብርሌ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። የእናቴ ብርሌ ነበር። «ወይኔ ብርሌዬ!» ብዬ ጮህኩ። በእኔ ቦታ ሆኖ የማይጮህ ሰው ካለ ይምጣና ልየው። ማታ ደግሞ «እትዬ፣ ልጁ ጥርስ ሲያወጣ መጥቼ ባየው ይፈቅዱልኛል?» አለችኝ። አንድ ልጅ ሁለት እናት የለውም፤ ስትመላለሺ ልቡን ትከፍይብኛለሽ ብዬ እውነቱን ነገርኳት።

ከእኔ ቤት ወጥታ ኮምቦልቻ ወረደች፤ አረጋሽ ቤትም ማሰሮ ሰበረች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። አረጋሽ ስባሪውን ሳታይ «እግርሽን ቆረጠሽ?» ብላ ጎንበስ አለች። ጥርስ ሲያወጣ ልምጣ ወይ ስትላትም «ምነው፣ እስከዚያ ምን አስቀመጠሽ? ቀድመሽ ነይ እንጂ» አለቻት። አባይነሽ ሁለቱንም ዕቃ ሆን ብላ እንደሰበረች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማሰሮ ገበያ ይገኛል፤ የእናቴ ብርሌ ከየት ይገኛል? ፈተናው እኩል አልነበረም። እሷ ግን አረጋሽን መረጠች። ቀናሁ። እንቅልፍ አጣሁ፤ እህል አልወርድ አለኝ። ይህም ይጻፍልኝ ብያለሁ።

በአገራችን ልማድ ልጅ የምትቀበል ሴት በሽማግሌ ፊት ጡቷን ማር ቀብታ ለሕፃኑ ትሰጣለች። የጠባላት እናቱ ትሆናለች። ሽማግሌዎች ለአረጋሽ ቀን የቆረጡት ለዛሬ ነበር። እኔ ትናንት ጠዋት በቅል ማር ይዤ ገራዶ ገባሁ። አባይነሽ አዲስ የወለደችውን ሕፃን አስተኝታ ጓሮ ገላዋን ትታጠብ ነበር። ጡቴን ማር ቀብቼ ሰጠሁት። ጠባ። ደጋግሞ ጠባ። በልማዱ የኔ ሆነ ብዬ አቅፌው ወጣሁ። ሰው የራሱን ልጅ አይሰርቅም።

ወደ ደሴ ስመጣ እንየውና አረጋሽ ለዛሬው ሥርዓት ከዋዜማው ወደ ገራዶ ሲሄዱ መንገድ ላይ ገጠሙኝ። ሕፃኑ ያለቅስ ነበር። አረጋሽን «ከኔ ጠብቷል፤ ተመለሺ» አልኳት። የሰማችኝም አልመሰለኝ። ነጠላዋን አውልቃ ሕፃኑን ሸፈነችና «ነፋስ እንዳይመታው። አንገቱንም ደገፍ ያድርጉት እትዬ» አለችኝ። እንየው ሊነጥቀኝ ሲቃጣ ልጁ ይወድቃል ብላ ከለከለችው። አንገቱን መዘንጋቴን አላወቅሁም ነበር። ያን ጊዜ ከበፊቱ ይልቅ ቀናሁ። ወዲያው የገራዶ ሰው እየጮኸ ደረሰና ሁላችንንም ወደዚህ ጣቢያ አመጣን።

አባይነሽ ልጇን ተቀብላ ለአረጋሽ እንደምትሰጥ እዚሁ ተናገረች። ሽማግሌው አቶ በላቸውም ያለ ምስክር የተቀባ ማር አይጸናም አሉኝ። አረጋሽ ግን ክስ የለኝም አለች። ስትወጣ ዞር ብላ «ከእርስዎም ጠብቷል እኮ። ጥርስ ሲያወጣ ይምጡና ይዩት» አለችኝ። እኔ ይህን ለወለደችው እንኳ አልፈቀድኩም ነበር። ቅናቴም አልበረደም።

የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። የተጨመረ የተቀነሰ የለበትም፤ ቅናቴም ጭምር እውነት ነው ብዬ የጣቴን ምልክት አድርጌያለሁ።

የቃል ሰጪ የጣት ምልክት፦ አትጠገብ ሞላ
ቃሉን ተቀብሎ የጻፈ፦ የጣቢያው ጸሐፊ ሞላልኝ (ፊርማ)

ማስታወሻ፦ ቃል ሰጪዋ ምልክት ካደረገች በኋላ ከበሩ ተመልሳ፣ ሕፃን በስንት ወሩ ጥርስ እንደሚያወጣ ጸሐፊውን ጠይቃለች።