በነጭ ክር የተያዘው ኮሌታ

ክብርት ኃላፊያችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የስፌት ክፍል እህት ወንድሞቼ፤ የመቁረጫውን ጠረጴዛ አጽድታችሁ ይህን የስንብት ግብዣ ስላሰናዳችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ። ጠረጴዛው ጥግ ላይ አንድ ክር ቀርቷል። አይቼዋለሁ። ዝም ብያለሁ።

ለውጤን አያችሁ?

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በሹክሹክታ “ተርታሪዋ” ስትሉኝ የማልሰማ መስሏችኋል። ልክ ነበራችሁ። የሰፋሁትን መልሼ ካልተረተርኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ማንበብ የለመድኩት እዚሁ፣ ንድፍ ከምንቆርጥበት አሮጌ ጋዜጣ ላይ ነው። ታሪኩ ሊጥም ሲል የንድፉ የእጅጌ ቅድ ላይ ይቆረጣል። ስንቱን ታሪክ መጨረሻውን ሳላውቅ ወደድኩት! ለስፌቴ ግን ይህን ልብ አላገኘሁም።

ባለቤቴ ካፖርት ስፊልኝ አለኝ። ኮሌታውን አራት ጊዜ ተረተርኩት።

“አንቺ ሴትዮ፣ በረደኝ እኮ! ኮሌታውን ማን ያየዋል?”

“እኔ አየዋለሁ።”

ሳይለብሰው ሞተብኝ። ብርዱ እንዳልገደለው ሐኪሙ ነግሮኛል። ግን በርዶት ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ካፖርቱ ኮሌታው እንደተተረተረ አሥራ አንድ ዓመት ሳጥን ውስጥ ተቀመጠ።

ባለፈው ወር አንዲት ልጅ የቀሚሷ ዘርፍ ተተርትሮ እየሮጠች መጣች። “ሐሙስ ተመለሺ” አልኳት።

ልብስ ተኳሻችን ከካውያው ቀና አለ። “እትዬ፣ የሥራ ፈተናዋ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው አለች እኮ! ሐሙስ መጥታ ምን ልትሆን?” መርፌውን ነጥቆኝ ወስወስ አደረገላት። ስፌት አይሉት ጭረት!

በሳምንቱ ተቀጥራ መጣች። ያው ቀሚስ፣ ያው ጭረት። “አምጪ፣ አሁን በደንብ ልስፋልሽ” ብላት፣ “ኧረ ይቅር፣ ገዴ ነው!” ብላ ሳመችኝ።

ቤት ገብቼ ሳጥኑን ከፈትኩ። ኮሌታውን በነጭ ክር ያዝ ያዝ አደረግሁና ዛሬ ጠዋት ለዘበኛችን አመጣሁላቸው።

“አባባ፣ ኮሌታው ትንሽ ዞሯል” አልኳቸው።

“የእኔም አንገት ዞሯል፤ እንስማማለን” አሉኝ።

እስቲ ይቁሙ አባባ፣ ይዩዎት! አያምርም?

ወገኖቼ፣ እጃችሁ አይዛል፣ ዓይናችሁ አይድከም። የሰፋችሁለት ሰው ለብሶት ለማየት ያብቃችሁ። እኔን ዛሬ አብቅቶኛል።

ነጩ ክር ይታያል፣ አውቃለሁ። ማንም እንዳይተረትረው!