ዳር ዳር ባዩ መሃሉን የከፈተ ዕለት

የተከበራችሁ ቤተሰቦቹ፣ የጋራዥ ባልደረቦቻችን፣ የቼዝ ክበባችን አባላት፣ እንደምን ዋላችሁ። ፀሐዩ ጠንክሮባችኋል፤ አላስረዝምባችሁም።

ዛሬ የምንሸኘውን ወዳጃችንን "ዳር ዳር" ነበር የምንለው። ለምን? ቼዝ ሲጫወት ሁልጊዜ የሚከፍተው በዳሯ ወታደር ነበራ። ማንም በመክፈቻ በማይነካት። "ኧረ ጨዋታው ያለው መሃል ነው" ስንለው "ቀስ ብዬ እደርሳለሁ" ይለናል።

ሥራ ላይስ? የደንበኛው ሞተር አልቆለት እንኳ "ጎማዎ ግን ቆንጆ ነው" ብሎ ነበር የሚጀምረው። ሚስቱን ለጋብቻ ሊጠይቅ ሲሄድስ? ስለ ዝናብ ብቻ እያወራ ይመለሳል። አንድ ቀን የልጅቷ እናት ቢቸግራቸው "ልጄ፣ የመጣኸው ለዝናቡ ነው ለልጅቷ?" አሉት። "ለሁለቱም" አለ። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ፤ ሳቂ እህቴ፣ አይዞሽ። ስትስቂ ደስ ይለው ነበር።

ያንን የቼዝ ውድድር ግን ማን ይረሳዋል? በዕድሜው ዋንጫ ወስዶ አያውቅም። የመጨረሻዋን ጨዋታ ካሸነፈ ዋንጫው የሱ ነው። ዕጣው ከማን ጋር ጣለው? ከታላቅ ወንድሙ ጋር። እናታቸው ታመው ሳለ ክፉ ቃል ተነጋግረው፣ ለዓመታት ሰላምታ እንኳ አልነበራቸውም። ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሁላችንም የዳሯን ወታደር ጠበቅን። እጁን ወደ ዳር ሰደደና መለሰው። የንጉሡን ወታደር ሁለት ቤት ገፋት። ከዚያ ቀና ብሎ፣

"ወንድም ጋሼ፣ ናፍቀኸኛል" አለው።

ዳኛው "መነጋገር ክልክል ነው" አለ። ሰዓቱ ይቆጥራል። ወንድምየው በቦርዱ ላይ እጁን ዘረጋ፤ ተጨባበጡ። እኛ ዘንድ በጨዋታ መሃል መጨባበጥ አቻ እንውጣ ማለት ነው። ዳኛው ግራ ገብቶት "አቻ ናችሁ?" ቢላቸው ሁለቱም በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ነጥቡ ስላነሰው ዋንጫውን ሌላ ሰው ወሰደው።

እኔ ነደድኩ። "ዋንጫውስ?" አልኩት። "ዋንጫ ራት አብሮኝ አይበላም" ብሎኝ ወንድሙን ይዞ ወደ ቤቱ ሄደ። ሲታመምም ደግፎ የሚያነሳው ወንድሙ ነበር፤ ሁላችሁም አይታችኋል።

እንግዲህ ወዳጄ፣ ወንድም ጋሼህ አጠገቤ ቆሟል። ሊናገር ፈልጎ እንባው ቀደመው፤ ቃሉን ለኔ ሰጠኝ። እንዲህ በልልኝ ብሎኛል፦ "ያን ዕለት እጄን ሰጠሁህ እንጂ መልስ አልሰጠሁህም። እኔም ናፍቀኸኝ ነበር።"

ይኸው፣ አድርሻለሁ። በል አሁን ደህና ሁን፣ ወዳጄ።